በአንድ ጎኑ ያለቀው ማማሰያ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሄርሜላ ከትምህርት ቤት እንደመጣች ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ጓዳዬ ገባች። ድስቱን ታነሳለች፣ ወንፊቱን ትገለብጣለች፣ ሙቀጫውን ታሸታለች።

«ምን ጠፋብሽ?» አልኳት።

«ምንም አልጠፋብኝም እማማ። አሮጌ ዕቃ እየፈለግኩ ነው። ከቤታችሁ አንድ የድሮ ዕቃ አምጡና ስለ ድሮ ሰው ምን እንደሚነግረን ጻፉ ተባልን። ፕሮጀክት ነው።»

«እዚህ ቤት ከእኔ የሚያረጅ ዕቃ የለም። እኔን ይዘሽኝ ሂጂ።»

«አንቺማ ዝም አትይም!» ብላ ሳቀች። «ዝም የሚል ዕቃ ነው የተፈለገው።»

እኛ አያታችንን አንቱ ነበር የምንለው። የዛሬዎቹ አንቺ ይሉናል፤ ለምጄዋለሁ። አብሬያት እየሳቅኩ ሳለ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ማማሰያ ስታወርድ አየሁና ሳቄ ቆመ።

«እማማ፣ ይሄ ጫፉ ለምንድን ነው እንደ ጦር የሾለው? በሁለቱም ጎኑ ተበልቷል እኮ።» በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

መልሱን አውቀዋለሁ። መልሱን ለመንገር ግን ጸሐይ የምትባል ልጅ ማንሳት አለብኝ፤ እሷን ሳነሳ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልወጣልኝ ነገር አብሮ ይነሳል። ስሙ ቅናት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ነገሩ የሆነው ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ እሱም የተማርኩት የመጨረሻው ክፍል ነው። ቤታችን አቃቂ በሰቃ ከባቡሩ ሐዲድ እልፍ ብሎ ነበር። እናቴ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው፤ እምዬ እላቸው ነበር። ባቡሩ ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንጫጫሉ። እምዬም ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ሂድ ወዲያ፣ ሰማንህ!» ይሉታል። ድምፁን ከሩቅ እለየዋለሁ፤ የሚያልፍበትን ሰዓት በጥላ አውቀዋለሁ። ተሳፍሬው ግን አላውቅም። ለገሃር የሚባለው ቦታ ለእኔ ከኢየሩሳሌም አይቀርብም ነበር።

ጸሐይ ጎረቤቴ ነበረች፣ የክፍል ጓደኛዬም። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነው። ከድሬዳዋ ተዛውረው ሲመጡ ይዘውት የመጡት አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ያ ሁሉ የሚያስቀና ነገር ከየት እንደሚመጣላቸው አላውቅም። ጫማዋ ጫማ ነው። ካልሲዋ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤተሰቡ በነጻ የሚሳፈርበት ወረቀት ነበራቸው። ባቡሩን እኔ በግ የሚነዳበትን መንገድ በማውቀው መጠን ታውቀዋለች፤ የትኛው መስኮት እንደሚከፈት፣ የትኛው እንደማይከፈት ሳይቀር።

ዘመድ ከድሬዳዋ መንደሪን ሲልክላቸው ይዛልኝ ትመጣለች። ልጣጩን ደብተሯ ውስጥ ስለምታደርቀው የሒሳብ ደብተሯ እንኳ ይሸታል። ግማሹን ትሰጠኛለች። እኔ ደግሞ ፍሬውን እቆጥራለሁ።

«ያንቺ ዘጠኝ ነው፣ የእኔ ስምንት!» ብያት አውቃለሁ።

«እንቺ» ብላ አንዱን ጨመረችልኝ። ያን ጊዜ እኔ ዘጠኝ፣ እሷ ስምንት ሆንን። ደግነቷ ይበልጥ አናደደኝ። ሰው ደግ መሆን ሲያቅተው የሰው ደግነት እንደ ስድብ ነው የሚሰማው።

ታሪክ የሚያስተምሩን ጋሽ በላቸው የሚባሉ ወጣት መምህር ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት ነው የሚለብሱት። አንድ ቀን ከኮታቸው ኪስ አንድ እግር ያረጀ ጫማ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ከወንዙ ዳር ነው ያገኘሁት። ባለቤቱን አላውቀውም። እስኪ እናንተ ንገሩኝ።»

መጀመሪያ አፍንጫችንን ይዘን ሳቅን። ቀስ በቀስ ግን መናገር ጀመርን። ተረከዙ ወደ ውጭ ስለተበላ ሰውየው እግሩ የጎበጠ ነው። ማሰሪያው የቃጫ ገመድ ስለሆነ አዲስ ማሰሪያ አልገዛም። በስፌቱ መሐል የገባው ጭቃ ጥቁር ስለሆነ የእኛው አገር ሰው ነው። ደወል ሲደወል ያንን የማናውቀውን ሰው እንደ ጎረቤት አውቀነው ነበር።

«ታሪክ የንጉሥ ብቻ አይደለም» አሉን ጋሽ በላቸው። «ለሐሙስ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ አሮጌ ዕቃ አምጡ። ስለ ዕቃዋ ከሁሉ የተሻለ የምትናገረዋን ወይም የሚናገረውን አንድ ልጅ ቅዳሜ በባቡር ከተማ ወስጄ ሙዚየም አሳያለሁ።»

በባቡር! ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።

ወደ ቤት እየሮጥኩ ገባሁ። እምዬ ምድጃው ላይ ገንፎ ያገነፋሉ። ጸሐይ ቀድማኝ ደርሳ ጥግ ላይ ተቀምጣ የሽምብራ እሸት ትፈለፍላለች። እሷ እኛ ቤት ስትገባ እንደ ድመት ነው፤ መኖሯን የምታውቁት ስትነሳ ነው።

«እምዬ፣ አሮጌ ዕቃ የለንም?»

«አዲሱ የቱ ነውና?» አሉ። ማማሰያውን ከገንፎው አውጥተው በጣታቸው ጠረጉት። «ይኸን ውሰጂ። ስዳር እናቴ የሰጠችኝ ነው። ወይራ ነው፣ እኔ አለቅኩ እንጂ እሱ አላለቀም።»

አየሁት። ጠቁሯል፤ አንድ ጎኑ ተበልቶ ጎድሏል፤ እጀታው ላይ የሆነ ጎድጓዳ ነገር አለበት። ይህን ይዤ ክፍል ፊት ስቆም ታየኝ።

«ማማሰያ? ልጆቹ ሊስቁብኝ ነው እንዴ?»

ጸሐይ ከጥግ ቀስ ብላ «ብዙዬ፣ ካልፈለግሽው እኔ ልውሰደው? እኛ ቤት ያለው ሁሉ አዲስ ነው» አለችኝ። ስሜ ብዙነሽ ነው፤ እሷ ብቻ ናት ብዙዬ የምትለኝ።

«ውሰጂው። ከፈለግሽ ድስቱንም ጨምሪ» አልኳትና ሳቅኩባት። በአፌ ነው የሰጠኋት፤ ማንም አላስገደደኝም። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ እኔ ረስቼው ነበርና።

እኔ ሌላ አስቤ ነበር። አክስቴ ቤት ቀይ አበባ የተሳለበት ማንቆርቆሪያ ነበረ፤ ሲያዩት ዓይን ይይዛል። ለምኜ ተዋስኩት። የቅድመ አያቴ ነው የሚለውን ወሬ የፈጠርኩት ሐሙስ ጠዋት መንገድ ላይ ነው፤ ክፍል እስክደርስ ራሴም አምኜው ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጌ ያዝኩና ቅድመ አያቴ በዚህ እንግዳ ያስታጥቡበት ነበር ብዬ ጀመርኩ። ልጆቹ «ኧረ!» አሉ። ልቤ ባቡሩ ላይ ወጣ። ጋሽ በላቸው ተቀብለው አበባውን አዩት፤ ከዚያ ገለበጡት። ቂጡ ላይ የሱቁ ወረቀት ግማሹ ተቀዶ ግማሹ ተለጥፎ ነበር።

«ብዙነሽ፣ ቅድመ አያትሽ ገበያ የወጡት መቼ ነው? ባለፈው ፋሲካ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ማንኛውንም ዕቃ ስገዛ መጀመሪያ ቂጡን ነው የማየው።

ቀጥሎ ጸሐይ ማማሰያውን ከጨርቅ ፈታ አወጣች። በእሷም ሳቁ። ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ጋሽ በላቸው ግን አልሳቁም። ወደ መስኮቱ ሄደው በብርሃን አገላበጡት።

«ወይራ ነው» አሉ። «ወይራ በቀላሉ አይበላም። ይኸ ጎን እንዲህ እስኪጎድል ስንት ዓመት ድስት አክኳል? ደግሞ እዚህ እጀታው ላይ ያለውን ጉድጓድ እዩ። ጠራቢው አልሠራውም፤ አውራ ጣት ነው የሠራው። ይኸ እጅ ብዙ ሰው አብልቷል።»

የሳቅነው ሁሉ አንገታችንን አሰገግን። ጋሽ በላቸው አውራ ጣታቸውን ጉድጓዱ ላይ ሊያሳርፉ ሞከሩ። አልገጠመም፤ ማማሰያው በእጃቸው ውስጥ ጠመም አለ። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት። ልክክ አለ።

«ጸሐይ፣ የማማሰያው ባለቤት...»

አላስጨረስኳቸውም። ብድግ አልኩ። «ጋሼ! የእኔ አያት ማማሰያ ነው! የእሷ አይደለም! ከቤታችሁ አምጡ ነው ያሉት፣ ከጎረቤታችሁ አላሉም። ፍርድ አይደለም ይሄ!»

«ማንቆርቆሪያውን አንቺ ከየት አመጣሽው?»

«...ከአክስቴ።»

እንደገና ተሳቀ። እሳቸው ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። «ፍርድ ካነሳሽ ፍርድ ይሁን። የአያትሽ ከሆነ አንቺ ትመልሻለሽ። አያትሽ የሚያማስሉት በየትኛው እጃቸው ነው?»

ይህን የሚያነብ ወጣት ጥያቄው ምኑ ይከብዳል ሊል ይችላል። በእኛ ጊዜ በግራ እጅ ለሰው አይሰጥም፣ በግራ አይጎረስም፣ በግራ አይጨበጥም። ግራ እጇ የሚቀድማት ሴት ልጅ ከተወለደች እጇ ታስሮ ነው የምታድገው። ግራኝ ማለት የስድብ ያህል ነበር። እኔ ደግሞ ጋሽ በላቸው በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት አያቴን የሰደቡብኝ መሰለኝ። ማማሰያው በግራ እጃቸው ልክክ ሲል በዓይኔ ያየሁ ልጅ፣ የአያቴን ክብር ለማዳን ብዬ ጮህኩ።

«በቀኛቸው ነዋ! የእኔ አያት ግራኝ አይደሉም!»

ጋሽ በላቸው ወደ ጸሐይ ዞሩ። እሷ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ መሬቱን አየች።

«በግራቸው ነው» አለች። «ብዙነሽ ስትገባ ግን ወደ ቀኛቸው ያዛውሩታል።»

በቃ። ቅዳሜ የምትሄደዋ እሷ ሆነች። በነጻ ወረቀት ሲያሻት ለገሃር ደርሳ የምትመለሰዋ ልጅ፣ በእኔ አያት ማማሰያ፣ በእኔ መቀመጫ።

ወደ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። የታኅሣሥ ነፋስ ከሽምብራው ማሳ ላይ እየመጣ ጆሮ ይቆርጣል፤ የፋብሪካው ፉጨት ፈረቃ ሲቀይር ይሰማኛል። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ ለእምዬ ልነግርባት ነው። ምስጢራቸውን ክፍል ፊት እንዳወጣችባቸው ሲሰሙ ሁለተኛ እኛ ቤት አያስገቧትም። መንደሪኗንም ብቻዋን ትበላለች።

እምዬ ሽሮ እየሠሩ ነበር፤ ማማሰያቸው ትምህርት ቤት ስለቀረ የያዙት ሌላ ነው። በቀኝ እጃቸው።

«እምዬ! ጸሐይ ስምዎን አጠፋችው! ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ግራኝ ናቸው አለች!»

እጃቸው ቆመ። እኔ ያን ጊዜ ብተወው ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ግን ሌላም ነገር ሆዴ ውስጥ ነበር።

«እኔ ስገባ ለምንድን ነው የሚያዛውሩት? ለእሷ አሳይተው ከእኔ ለምን ይደብቃሉ?»

«ያንቺ አፍ የወፍጮ ቤት በር ነው ልጄ» አሉ። «ተከፍቶ ነው የሚውለው። ሙሽራ ሆኜ በገባሁ በወሩ አማቴ በግራ የተሠራ ወጥ አልበላም ብለው ድስቱን ሙሉ ለውሻ ገለበጡብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲገባ አዛውራለሁ። ለጸሐይም ሆን ብዬ አላሳየኋትም። ዝም ስትል ረሳኋት።»

«ዛሬ ግን ዝም አላለችም!»

«መምህሩስ ምን አለ?»

መዋሸት እችል ነበር። በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛው አይከብድም። ግን ፍርድ ፍርድ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ፤ የራሴ ጩኸት ያዘኝ።

«በግራ እጃቸው ያዙትና... ይኸ እጅ ብዙ ሰው አብልቷል አሉ።»

«ልጆቹ ሳቁ?»

«አልሳቁም።»

ሽሮው ይንተከተካል። እምዬ አንዴ በቀኛቸው አማሰሉት። ከዚያ እኔ ፊታቸው ቆሜ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ፣ ማማሰያውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት። ትከሻቸው ወረደ። እጃቸው እንደ ውሃ መዞር ጀመረ፤ ያን ያህል ዓመት በቀኛቸው ሲታገሉ አይቼ ማማሰል እንዲያ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ይህን የመሰለ ነገር አየሁና ደስ ሊለኝ ሲል እንዲህ አሉኝ፦

«በይ ለጸሐይ በሳህን አድርጊላት። ሳይቀዘቅዝ አድርሺላት።»

ለእኔ ሳይሆን ለእሷ! ሽሮውን ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ ከዳር ከዳሩ እየጠነቆልኩ መቅመሴን አልክድም።

ጸሐይ በራቸው ላይ ቆማ ሳህኑን ተቀበለችኝ። የጎደለውን አይታ ምንም አላለችም። «ብዙዬ፣ ቅዳሜ አንቺ ሂጂ። ለጋሼ እነግራቸዋለሁ። እኔ ባቡሩን አውቀዋለሁ» አለችኝ።

እሺ ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «በምጽዋት አልሳፈርም» ብያት ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐዲዱ ዳር ቆሜ ነበር። ሣሩ ውርጭ ይዞ እግሬን ያንገበግበኛል። ባቡሩ ሲያልፍ ጸሐይ ከሚከፈተው መስኮት አንገቷን አውጥታ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔ እጆቼን ብብቴ ሥር ደብቄ ቆምኩ፤ በርዶኝ ነው ብዬ። ባቡሩ ሄዶ፣ ሐዲዱ መንዘሩን ትቶ፣ እኔ ገና እጄ ብብቴ ውስጥ ነበር።

ሰኞ ዕለት ማማሰያውን በጨርቅ ጠቅልላ ለእምዬ መለሰች፤ ያየችውንም ሁሉ ነገረችኝ። የማልሰማ መስዬ አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ ሰማሁ። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። «መስታወት ውስጥ ብዙ ማማሰያ አለ ብዙዬ፤ ያማሰሉበት ሰዎች ስም ግን የለም። የትኛው የማን እንደሆነ ማንም አልጻፈም።»

እምዬ ሲሞቱ ማማሰያው ለእኔ ቀረ። እኔን የሚቀድመኝ ቀኝ እጄ ነው፤ አንድ ባል፣ አምስት ልጅ፣ ስንቱን የሠፈር ድግስ በእሱ አማስዬበታለሁ። በዚህም የተነሳ ሌላው ጎኑ ተበላ። ባቡሩንም በኋላ ተሳፈርኩት፤ መቀመጫው ደረቅ እንጨት ነው። አሮጌው ባቡር ዛሬ የለም። ጸሐይ ግን አለች፤ ሳሪስ ነው የምትኖረው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ እሁድ እሁድ ስልክ ትደውልልኛለች። ቀድማ የምትደውለው ሁልጊዜ እሷ ናት። ይህም ያናድደኛል።

ሄርሜላ ይህን ሁሉ ሰምታ ማማሰያውን በቀኝ እጇ ያዘችው። ጠመመባት። በግራዋ ስትይዘው «ኧረ እማማ! ገባ!» ብላ ጮኸች። ደግማ ደጋግማ ታዛውረዋለች። ከዚያ ጎኖቹን በጣቷ እየነካች «ይሄኛው የሳቸው፣ ይሄኛው ያንቺ» አለች። ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች።

ቁጭ ብዬ አየኋት። ማማሰያው የእኛ ቤት ነበር፤ በየቀኑ በእሱ የተሠራ እበላ ነበር፤ የአያቴን እጅ ግን አላየሁትም። ያየችው ከጥግ ተቀምጣ ሽምብራ የምትፈለፍል የሌላ ሰው ልጅ ናት። እሷ ባትኖር ኖሮ ይህ የሾለ እንጨት ዛሬ ዝም ብሎ የሾለ እንጨት ነው። ስለ ባቡሩ ግን አቋሜ አልተለወጠም፤ ነጻ ወረቀት ያላት ልጅ የሌላትን ልጅ መቀመጫ መውሰድ አልነበረባትም። ከዚህ እስክሞት ፈቀቅ አልልም።

«ሄርሜላ።»

«አቤት እማማ።»

«ግራ እጃቸው እንደሆነ ያየችው ጸሐይ ናት ብለሽ ጻፊ። ሙሉ ስሟን ጻፊ።»

«እሺ።»

ደብተሯ ላይ ጎንበስ አልኩ። «በትንንሽ ፊደል ጻፊው።»

አንገቷን ደፍታ እየሳቀች ጻፈች። መነጽሬን አድርጌ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። እውነትም ትንሽ ነው። ግን ይነበባል።